የየቲም ንብረት በማን እጅ ነው? በጎሬ፣ በመቱና በአካባቢው ሞግዚትነት ስለማግኘትና ቅሬታ ስለማቅረብ



በኢሉባቦር ዞን ከተሞች አባት ሲሞት ለልጆቹ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ቤት፣ የቡና ማሳ፣ ወይም በባንክ ያለ ጥቂት ገንዘብ ነው። ጎሬ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበትና የጋምቤላ ንግድ በደራበት ዘመን የተሠሩ ቤቶችና ቦታዎችም ከአያት ለልጅ ልጅ ሲተላለፉ ቆይተዋል። ከለቅሶው በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ግን በየቤቱ አንድ ነው። ልጆቹን ማን ይይዛል? ንብረቱንስ ማን ያስተዳድራል? ንብረቱን የያዘው ሰው አደራውን ቢያጎድል ለማን ይነገራል?

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሞግዚትነት በኢትዮጵያ ሕግ እንዴት እንደሚገኝ፣ በሸሪዓና በመደበኛ ፍርድ ቤት መካከል ያለው ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዲሁም ቅሬታ ያለው ሰው ወዴት መሄድ እንደሚችል ነው። ዋናው መልእክታችን አንድ ነው፦ ሞግዚት የንብረቱ ባለቤት አይደለም። ሥልጣኑን የሚያጸናለት ፍርድ ቤት ነው፤ የሚጠይቀውም የሚሽረውም ፍርድ ቤት ነው።

አሳዳሪ ማን ነው? ሞግዚትስ?

በከተማ ቤት ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛም “ሞግዚት” ስለምትባል ቃሉ ያደናግራል። በሕጉ ግን ሁለት ሥራዎች ተለይተዋል። አሳዳሪ የልጁን አካልና አኗኗር ይመለከታል፤ የት ይኑር፣ የት ይማር፣ ሲታመም ማን ያሳክመው የሚለው የእሱ ኃላፊነት ነው። ሞግዚት ደግሞ የልጁን የገንዘብ ጥቅም ይወክላል፤ ኪራይ ይሰበስባል፣ ባንክ ይሄዳል፣ በክርክር ስለ ልጁ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ሊለያዩም ግን ይችላሉ።

በፊቅህም ተመሳሳይ መለያየት አለ። ሐዷና የልጁ እንክብካቤ ሲሆን ዊላያ ደግሞ በልጁና በንብረቱ ላይ ያለው ኃላፊነት ነው። አባት በኑዛዜ የሚሾመው የንብረት አደራ ያዥ ወሲይ ይባላል። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው የሚጠይቀው የቱን እንደሆነ በግልጽ ቢለይ ጉዳዩ ይቀላል።

በአገራችን አንዳንድ ሌሎች አገሮች እንዳላቸው ያለ፣ በሞግዚትነት ላይ ብቻ የተሰማራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ፍርድ ቤቶች ናቸው። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ዓቃቤ ሕግና ፖሊስ ያግዟቸዋል። ስለዚህ “የሚመለከተው ቢሮ የት ነው?” ለሚል ሰው መልሱ ፍርድ ቤት ነው።

ሁለት በሮች አሉ፤ ምርጫው መጀመሪያ ላይ ነው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። በዚህም መሠረት በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተጠናክረዋል። ኦሮሚያም የራሷ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሏት። ለጎሬና ለመቱ ነዋሪ የሚመለከተው የክልሉ መዋቅር ነው፤ ሆኖም የፌዴራሉ አዋጅ የያዛቸው መርሆች ነገሩን በደንብ ያስረዳሉ።

አዋጁ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሰጣቸው ጉዳዮች መካከል ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ሂባ፣ ውርስና ኑዛዜ ይገኛሉ። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያሻል።

አንደኛ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንደኛው ወገን በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ መብት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንዲት ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን ተቃውማ ሳለ በውርስ ጉዳይ የተሰጠውን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሽሮታል። ከዚያ በፊት በየደረጃው የነበሩት ፍርድ ቤቶች ውሳኔውን አጽንተውት ነበር።

ሁለተኛ፣ ዝም ማለት እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ፈቃዱን እንደሰጠ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በክልልም ቢሆን መጥሪያን ችላ ማለት አይበጅም። የማትስማሙ ከሆነ በቀጠሮው ቀን ቀርባችሁ መቃወማችሁን በጽሑፍ አስመዝግቡ።

ሦስተኛ፣ ከተስማሙ በኋላ መመለስ የለም። ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ውጤቱ ስላላማረ ጉዳዩን ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ማዛወር አይፈቀድም።

ምርጫው ለምን ይከብዳል? መልሱ አንዳንድ ጊዜ ስለሚለያይ ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን ሞግዚትና አሳዳሪ ይሆናል፤ እናት ከሆነች እናት ማለት ነው። ኦሮሚያ የራሷን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አውጥታ በቁጥር 83/1996 አሻሽላለች፤ በዋና ዋና ነጥቦች ከፌዴራሉ ጋር ይመሳሰላል። በፊቅህ ደግሞ ሐዷና በቅድሚያ የእናት ሲሆን፣ በንብረት ላይ ያለው ዊላያ ግን ከአባት በኋላ በሻፊዒ መዝሀብ ወደ አባት አባት ያልፋል፤ በሐነፊ ደግሞ አባት የሾመው ወሲይ ይቀድማል። ይህ ማለት እናት በሸሪዓ የንብረት አደራ መያዝ አትችልም ማለት አይደለም። አባት በኑዛዜ ወሲይ ሊያደርጋት ይችላል፤ ቃዲውም ለልጆቹ የሚበጀውን አይቶ ሊሾማት ይችላል። ባሏ የሞተባት እናት ወደየትኛውም በር ከመሄዷ በፊት ይህን ልዩነት ማወቅ አለባት፤ የሚያማክሯትም ሰዎች ሊነግሯት ይገባል።

ሁለቱም ወላጆች ከሌሉስ?

በፌዴራሉ ሕግ ወላጅ በኑዛዜ የሰየመው ሰው ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ ተራው የአያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም የአጎቶችና የአክስቶች ነው። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ተራውን ብቻ አይቶ አይወስንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ልጆችን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የልጁ ጥቅምና ደህንነት ይቀድማል።

ይህን መርህ ያጸናው ታዋቂ ውሳኔ በ2000 ዓ.ም. በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የተሰጠው ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ አባት ኋላ ላይ ልጁ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ። በደቡብ ክልል ያሉት ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈረዱ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን የልጁ ጥቅም ከአባትነት መብት ይቀድማል በማለት ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በጎሬ ወይም በቡሬ ችሎት የሚቀርብ ተከራካሪም ሊጠቅሰው ይችላል።

ማስረጃ ለማውጣት የሚያስፈልገው

በሕጉ እናት በራሷ ሞግዚት ብትሆንም ባንኩ፣ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱና ትምህርት ቤቱ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠይቋታል። ስለዚህ ማመልከቻ ማቅረቡ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

• የሟች የሞት ምዝገባ ምስክር ወረቀት። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 760/2004) ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።
• የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት።
• የአመልካች መታወቂያ፣ እንዲሁም የጋብቻ ማስረጃ። ኒካሑ ብቻ ታስሮ ያልተመዘገበ ከሆነ ያሰሩት ሸኽና የነበሩት ምስክሮች ያስፈልጋሉ።
• ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች።
• የንብረቱ ሰነድ፦ የቤት ካርታ፣ የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር፣ የባንክ ደብተር።

የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ማመልከቻው በዚያው ቋንቋ ቢጻፍ ጊዜ ይቆጥባል። ቋንቋውን የማይችል ሰው በችሎት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። የዳኝነት መክፈል የማይችል ድሃም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ያለ ክፍያ እንዲስተናገድ ማመልከት ይችላል።

የነጻ የሕግ ምክር ለማግኘት መጀመሪያ በወረዳው የሚገኘውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በየአገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የመስጠት ልማድ ስላላቸው መቱ ዩኒቨርሲቲንም መጠየቅ አይከፋም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሽማግሌ ስምምነት፣ የመስጂድ ኢማም ወይም የመጅሊስ ደብዳቤ ለምስክርነት ይጠቅማል እንጂ የሞግዚትነት ሥልጣን አይሰጥም። ከሳዑዲ ወይም ከሌላ አገር የሚላክ ውክልናም እንዲሁ ነው። በሕይወት ያለች እናት በኤምባሲ በኩል ለእህቷ ውክልና ብትሰጥ እህት የእናትየዋ ወኪል ትሆናለች እንጂ የልጁ ሞግዚት አትሆንም።

ሞግዚት ማድረግ የማይችለው

ሞግዚት የተረከበውን ንብረት ዘርዝሮ መመዝገብ፣ እንደ ጥሩ ቤተሰብ አስተዳዳሪ መጠበቅና ሂሳብ ማቅረብ አለበት። የልጁን ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም። የራሱ ጥቅም ከልጁ ጥቅም ጋር በሚጋጭበት ጉዳይ ስለ ልጁ መወሰን አይችልም። ለምሳሌ አጎት ከወንድሙ ልጆች ጋር የጋራ ወራሽ ከሆነ፣ በክፍፍሉ ላይ ልጆቹን የሚወክል ሌላ ሰው እንዲሾም መጠየቅ ተገቢ ነው። በገጠር መሬት ሕግም ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሞግዚት አማካይነት በመሬቱ ይጠቀማሉ፤ የቡናው ገቢ የልጆቹ ነው።

ዲናችንም ከዚህ አይለይም። በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አያ መሠረት ሀብታም ሞግዚት ከየቲም ገንዘብ ይቆጠባል፤ ድሃ የሆነው ለድካሙ በአግባቡ ብቻ ይወስዳል። ልጁም ለአቅመ አዳም ደርሶ አስተዋይነቱ ከታየ ገንዘቡ በምስክር ፊት ይመለስለታል። ምስክር መጠራቱ ራሱ ሞግዚት የሚጠየቅ ሰው መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ሂሳብ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ወይም ዝምድናን መቁረጥ አይደለም። በአግባቡ የያዘ ሞግዚትም ከሐሜት የሚድነው በሂሳብ ነው።

ቅሬታ ሲኖር ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የሹመቱን ውሳኔ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አውጡ። ሞግዚቱ ምን ሥልጣን እንደተሰጠው፣ በየትኛው መዝገብ ቁጥርና በየትኛው ቀን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚቀርብ አቤቱታ ይንገላታል።

ቀጥሎ አደጋው አስቸኳይ መሆኑን መዝኑ። ጉዳዩ የሂሳብ ግልጽነት ብቻ ከሆነ በቤተሰብ ሽማግሌና በአካባቢው ዑለማ ፊት ሂሳብ መጠየቅ ጥሩ ጅምር ነው፤ የተባለውም በጽሑፍ ይያዝ። ቤቱ ሊሸጥ ከሆነ፣ ደብተሩ ወደ ሌላ ሰው ስም ሊዞር ከሆነ፣ ወይም ልጁ እየተደበደበና ከትምህርት እየቀረ ከሆነ ግን ሽምግልና አይጠበቅም።

ከዚያ ሞግዚቱን ለሾመው ወይም ሹመቱን ላጸደቀው ፍርድ ቤት አመልክቱ። ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ወይም አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል፦ ሂሳብ እንዲያቀርብ፣ በንብረቱ ላይ እግድ እንዲሰጥ፣ ከሞግዚትነት እንዲሻር። እግዱ ከተሰጠ ትዕዛዙን ሳትዘገዩ ለመሬት አስተዳደሩ ወይም ለባንኩ አድርሱ፤ ትዕዛዙ ካልደረሰ ሽያጩን የሚያስቆም የለም።

ሹመቱ ሲሰጥ ያልተጠራችሁና መብታችሁ የተነካ ከሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መሠረት ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት እዚያው ፍርድ ቤት መቃወሚያ ማቅረብ ትችላላችሁ። ተከራካሪ ሆናችሁ ከተፈረደባችሁ ደግሞ ይግባኝ አለ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ጊዜው 60 ቀን ነው። ከጎሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኙ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ወደ መቱ ይሄዳል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተዳኘ ሰው ይግባኙን የሚያቀርበው በዚያው በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መዋቅር ነው።

ዘመድ ያልሆነ ጎረቤትም እጁ አልታሰረም። ልጅ ሲበደል ያየ ሰው ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። የልጁን ገንዘብ ለራሱ ያዋለ ሞግዚት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት በማጉደል ሊከሰስ ይችላል፤ ይህን የሚያየው ዓቃቤ ሕግ ነው።

ቅሬታው በአገልግሎቱ ላይ ከሆነ

አንዳንዴ ችግሩ ያለው ሞግዚቱ ዘንድ ሳይሆን መዝገብ ቤቱ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ነው፦ ፋይል ጠፋ ይባላል፣ ቀጠሮ ይደጋገማል፣ እጅ መንሻ ይጠየቃል። እንዲህ ሲሆን ቀኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የተባለውን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቅርቡ። የዳኛ የሥነ ምግባር ጉድለት ከሆነ ለክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይቀርባል። የውሳኔ ስህተት ግን በይግባኝ እንጂ በዚህ መንገድ አይታረምም። በአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ላይ ያለ አቤቱታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል፤ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን ተቋሙ አይመረምርም። የመብት ጥሰትን በተመለከተ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጅማ ጽሕፈት ቤት አለው።

ስለ ታመሙ አዋቂዎች

ሞግዚትነት ለልጆች ብቻ አይደለም። በአእምሮ ሕመም ወይም በከባድ እርጅና ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ያቃታቸው አባት ወይም እናት ንብረታቸው በሌላ ሰው እንዳይበላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ “በፍርድ የተከለከለ ሰው” የሚለውን ሥርዓት አስቀምጧል። ማመልከት የሚችሉት ሰውየው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ዘመዶቹና ዓቃቤ ሕግ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ይጠቅማል፤ በአካባቢው የመቱ ካርል ሆስፒታል አለ። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን በቀጥታ ወይም በላከው ባለሙያ ሳያይ አይወስንም። ስለዚህ እናቱን ለክልከላ የሚያመለክት ልጅ እሷን ደብቆ ማስወሰን አይችልም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ በስም የጠቀሰው አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ሞግዚትነት በመሆኑ፣ የአዋቂ ጉዳይ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ለጀማዓው

በየመስጂዱ ለየቲሞች ሰደቃ እናሰባስባለን፤ ይህ መልካም ነው። ከዚያ ጎን ለጎን በቀብር ማግሥት ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ብዙ ክርክር ያስቀራል፦ ሞቱ በ30 ቀን ይመዝገብ፤ ንብረቱ በምስክር ፊት ይዘርዘር፤ እናት ምን ምርጫ እንዳላት የሚያውቅ ሰው ያማክራት። በሕይወት ያለን ወላጆችም ልጆቻችንን ለማን አደራ እንደምንሰጥ በጽሑፍና በምስክር ፊት እንወስን፤ ካልወሰንን የሚወስንልን ሌላ ሰው ነው። ልጆቹ ሲያድጉ አባታቸው ያኖረላቸውን ሳይጎድል እንዲያገኙት አላህ (ሱ.ወ) አደራችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።